የእታለም ብዙነሽ ቤት ቁልፍ

ያን ቀን በዚያች ክፍል ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። እታለም ብዙነሽ ራሷ፣ አልጋዋ ላይ በሁለት ትራስ ተደግፋ። የንስሐ አባቷ መምሬ ገብረ ጻድቅ፣ ከራስጌዋ በኩል በርጩማ ላይ። ማመልከቻ ጸሐፊው አቶ ደምሴ፣ ሌላ ጠረጴዛ ስላልነበረ ወረቀቱን የስፌት መኪናዋ ላይ ዘርግቶ። የዕድራችን ዳኛ አቶ ወልዴና ሁለት ጎረቤቶች፣ ለምስክርነት ተጠርተው። የሟች ባሏ ወንድም አቶ ሽፈራው፣ እሱም ልብስ ሰፊ፣ ግባ ቢሉት እምቢ ብሎ በሩ ላይ ቆሞ። ባለቤቴ ገብሬ፣ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ። ልጇ ጽጌ፣ የሰባት ዓመት ልጅ፣ የመኪናዋ መርገጫ ላይ ቁጭ ብላ። እኔ ዘነበች፣ ትንሹን ልጄን አዝዬ። ያዘልኩት ልጅ ዛሬ ራሱ ሸብቷል። ገብሬ ዐርፏል፤ ከእኔና ከልጄ በቀር ከቀሩት የዚያ ቤት ሰዎች ማን እንዳለ፣ ማን እንደሌለ በእርግጥ አላውቅም። የአንዷን ነገር ግን ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ይህንንም የምጽፈው ለዚያ ነው።

ነገሩን ያስነሳብኝ ሽታ ነው። አሁን የምኖረው ቤቴል ከልጄ ጋር ነው። ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄን የቀሚስ ዚፕ ላሠራ አየር ጤና ወረድኩ። ከታክሲው ወርጄ፣ ጋራዦቹን አልፌ፣ አንዲት ጠባብ የልብስ ሰፊ ሱቅ ገባሁ። ሰፊው ወጣት ነው፤ የስልክ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ የስፌት መኪናውን በጎኗ አጋድሞ ዘይት ያንጠባጥብላታል። ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ የበሩን መቃን ያዝኩ። ቀጭን ነው፣ ብረት ብረት ይላል፣ ከጨርቅ ብናኝ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ እንደ አዲስ ደብተር ይሆናል። ልጁ ደንግጦ ወንበር ሰጠኝ። «እማማ፣ አሞዎት ነው እንዴ?» አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት። ደህና ነበርኩ፤ ብቻ የተቀመጥኩት አየር ጤና ሳይሆን ኮልፌ፣ እታለም ብዙነሽ ደጅ ነበር።

ኮልፌ ያኔ ከተማ ነው ሲሉት ገጠር፣ ገጠር ነው ሲሉት ከተማ የሆነ ሰፈር ነበር። አውቶቡሱ እስከ ፌርማታው ድረስ ይመጣል፤ ከዚያ ወዲያ ጭቃና ባሕር ዛፍ ነው። ክረምት ላይ ቢሮ የሚሠሩት ሰዎች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በኮንጎ ጫማ እስከ ፌርማታው ይወርዱና እዚያ ይቀይራሉ። ኮንጎውንም የት ያስቀምጡት? ገብሬ ሱቅ ውስጥ። ከባንኮኒው ሥር ተደርድሮ ማታ ባለቤቶቹን ይጠብቃል፤ እኔ ደግሞ አንዱ ካንዱ ጋር እንዳይለዋወጥ ጥንድ ጥንዱን በክር አስራለሁ። ሰው ይስቅብኝ ነበር። ዳቦ በአምስት ሳንቲም፣ ላምባ በጠርሙስ፣ ስኳር በወረቀት ተጠቅልሎ በስሙኒ። መደርደሪያው ላይ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ራዲዮ ነበረን፤ የዘፈን ምርጫ ሲጀምር ጎረምሶቹ እግሩ የሰፋ ሱሪያቸውን ከጭቃው ሰብሰብ አድርገው በሩ ላይ ይቆማሉ። አንዳቸውም ክብሪት እንኳ አይገዙም። ገብሬ «ዘፈኑን በነጻ ሰምታችሁ ጨርሱትና ለገዢ መንገድ ልቀቁ!» እያለ ይሰድባቸዋል፣ ድምፁን ግን ከፍ ያደርግላቸዋል። ዛሬ በዚያ ሳልፍ አስፋልቱን፣ ፎቁን አያለሁ። ፌርማታው የነበረበትን ግን እግሬ ያውቀዋል፤ እዚያ ስደርስ ሳላስበው ወደ ቀኝ ልታጠፍ እላለሁ።

ከሱቃችን በስተቀኝ ሦስተኛው ቤት የእታለም ብዙነሽ ነበር። ሁለት ክፍል፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ሰማያዊ በር። ባሏ ሠርቶት ነው የሞተው። እሷ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰፊ ነበረች፤ ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ እስከ መስቀል ድረስ መኪናዋ አታርፍም። ዝናቡ ሲያባራ የመርገጫው ድምፅ ሱቃችን ድረስ ይሰማል። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እታለም እላታለሁ እንጂ እንደ እኩያ ነበርን፤ እኔ ሦስተኛ ክፍል ያቆምኩትን እሷ አንደኛም አልጨረሰችውም፣ ግን የሰው ትከሻ አይታ ልኩን ትናገራለች። ሜትሯ ከአንገቷ አይወርድም። ቢጫ ነው፣ ጫፉ የተበላ። በየዓመቱ ዘመን መለወጫ ማግስት ጽጌን በሩ ላይ ታቆማትና በዚያ ሜትር ከእግር እስከ ራስ ትለካታለች፤ ቁመቷ የደረሰበት ላይ በቀይ ክር አንዲት ስፌት ታሳርፍበታለች። «እታለም፣ ደንበኛ ሲያየው ምን ይላል?» ብላት፣ «ደንበኛዬ ቀዩን አይቆጥር! እኔ የልጄን እቆጥራለሁ» ብላ ሳቀች።

በሽታዋ የሆድ ነበር። ጸበሉም ሐኪሙም አልሆነላትም። እንደማትድን ስታውቅ መምሬን አስጠራች፣ መምሬም አቶ ደምሴን አስጠሩ። አቶ ደምሴ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጥቁር ጃንጥላ ተክሎ፣ ማመልከቻ በሽልንግ የሚጽፍ ሰው ነበር። ምላሱ ስለት ነው፣ ሕግ ግን ያውቃል። ያን ቀን ኑዛዜዋን እሷ እየተናገረች እሱ ጻፈው። ቤቴና መኪናዬ የልጄ የጽጌ ነው። ልጄ አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላት ዘነበች በአደራ ትያዝላት። ከቤቱ የሚገኘው ለልጄ ልብስና ትምህርት ይሁን። ቤቱ አይሸጥ፣ አይለወጥ። ከዚያ አቶ ደምሴ ዕቃውን አንድ በአንድ መዘገበ፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ የብረት አልጋ፣ አንድ ሣጥን፣ ሁለት በርጩማ፣ አንድ መቀስ። ዞር ብሎ ግድግዳው ላይ ምስማር ላይ የተንጠለጠለውን አየና «አንድ ሜትር» ብሎ ጨመረ።

«ሜትርም ይጻፋል እንዴ?» አለ አቶ ሽፈራው ከበሩ።

«አንተም ተንጠልጥለህ ቢሆን እጽፍህ ነበር» አለው አቶ ደምሴ። እታለም ብዙነሽ እንኳ ሳቀች፣ ሳቋ ግን ሳል ሆነ።

ጽሑፉ ለሁላችን ጮክ ብሎ ተነበበ፤ እሷ ጣቷን ቀለም ነክታ አሳረፈች፣ ምስክሮቹ ፈረሙ። ወረቀቱን መምሬ ወሰዱት፣ ቁልፉን ለእኔ ሰጠችኝ። እንደዚያ ያደረገችው አስባበት ነው፤ ወረቀቱም ቁልፉም አንድ እጅ ላይ እንዳይሆን። ቁልፉን ስትሰጠኝ እጄን ያዘችኝና ቀስ ብላ «ዘነቡ፣ አደራ። እጅ እንዳታስነኪው» አለችኝ። እንግዲህ ጥፋቴ ከዚህ ይጀምራል። የተነበበውን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ ላይ የቀረው ግን ይህ የመጨረሻው ቃል ብቻ ነበር።

ከቤቱ ስንወጣ አቶ ደምሴ ከአጥሩ ሥር አስቆመኝ። «ስሚኝ፣ የገብሬ ሚስት። ይህ ቤት የማን ነው?»

«የጽጌ።»

«በማን እጅ ነው?»

«በእኔ።»

«ጎሽ። ስምሽ አለበት፣ ጥቅሙ ግን የእሷ ነው። ድካሙ ያንቺ፣ ፍሬው የእሷ። ይህን ካልረሳሽ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይወጣል።» ቆይቶ ደግሞ ፈገግ አለና «ብትረሺው ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራሽ ታውቂያለሽ» አለኝ። አውቃለሁ። በእኛ ሰፈር ሌባ ከሚባል ሰው ጋር ቡና ይጠጣል፤ አደራ በላ የተባለ ሰው ግን ከነልጆቹ ነው ስሙ የሚነሣው። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስገባ ቁልፉ ጡቶቼ መካከል እንደ ፍም ያቃጥለኝ ነበር።

እታለም ብዙነሽ በሳምንቷ ዐረፈች። ለቅሶው ላይ ቤቷ ሙሉ ሰው ነው፤ ያን ሰሞን ደግሞ ያው ያዘልኩት ልጄ ኩፍኝ ወጥቶበት እኔ በሁለት ቤት መካከል ስሮጥ እንዴት እንደዋልኩ፣ ምን እንዳነሣሁ፣ ምን እንዳስቀመጥኩ አላውቅም። ሰልስቱ አልፎ ሰው ሲበተን ዕቃውን በዝርዝሩ መሠረት ተመለከትኩ። ሁሉም አለ። ምስማሩ ላይ ግን ሜትሩ የለም። ፈለግኩ፣ አልጋ ሥር ገባሁ፣ ሣጥኑን ገለበጥኩ። የለም። በዚያ ቤት ውስጥ ሜትር የሚያስፈልገው ሰው ማን ነው? ልብስ ሰፊው። አቶ ሽፈራው ለቅሶ ላይ ከመኪናዋ አጠገብ ነበር የተቀመጠው። ለማንም አልተናገርኩም፣ በልቤ ግን ያዝኩት። ጽጌም «እትዬ፣ የእማዬ ሜትር የታለ?» ስትለኝ «እንጃ ልጄ፣ የወሰደው ይመልሰው» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ቤቱን ቆለፍኩት። መኪናዋን በብርድ ልብስ ሸፈንኩ፣ መስኮቱን በውስጥ ቸነከርኩ፣ በሩን በሁለት ቁልፍ ዘጋሁ። ጽጌን ከልጆቼ ጋር አስተኛኋት። ደግሞ ዶሮ አረባ ስለነበር የእሷን የትምህርት ቤት ክፍያና ደብተር ከእንቁላሉ አወጣለሁ፤ ከቤቷ አንዲት ሳንቲም አልፈልግም፣ ማንም ከዚያ ቤት ወሰደች እንዳይለኝ። ገብሬ አንድ ቀን «ዘነቡ፣ ሱቁ ጠቦናል። ያን ቤት ለጨውና ለሳሙና ማከማቻ ብንከራየው፣ እንደ ሌላ ሰው ከፍለን» አለኝ። አቶ ደምሴን ጠየቅኩት። ሳቀ። «አከራይዋ አንቺ፣ ተከራይዋ አንቺ! ዋጋ ስትከራከሩ ማን ይሸነፋል? ለራስሽ አታከራዪ፣ እጥፍ ብትከፍይም» አለኝ። ደስ አለኝ። አንድ ትክክል ነገር አደረግኩ ብዬ። «ለሌላ ሰው ግን አከራዪ» ብሎ ሲጨምር ጆሮዬ ዘግቶ ነበር። ሌላ ሰው ገብቶ ምስማር ቢመታ፣ ምድጃ አቃጥሎ ግድግዳውን ቢያጠቁርስ? እጅ እንዳታስነኪው ብላኛለች።

አራት ክረምት አለፈ። ያ ዘመን ለእኔ ደስ የሚል ዘመን ነበር፣ ልጆቼ ትናንሽ ነበሩ። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ከጉልበታቸው በላይ ማሳጠር የጀመሩት ያኔ ነው፤ መምሬ በፌርማታው በኩል ሲያልፉ ጃንጥላቸውን ፀሐይ በሌለበት ጎን ይይዙ ነበር። ጽጌ ቁመቷ ረዘመ። ቀሚሷ እያጠረባት እኔ ሌላ ሰው ጋ ወስጄ በገንዘብ አሰፋላታለሁ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሰማያዊው በር ፊት ቆመች።

«እትዬ፣ አንዴ ብቻ መኪናዋን ልንካት።»

«ልጄ፣ አደራ ነው።»

«የማን አደራ?»

«ያንቺ።»

«እኔ ታዲያ አስነኪኝ እያልኩሽ ነው» አለችኝ። ልጆቼ ሳቁ። እኔ ግን እጇን ይዤ ጎተትኳት። ይህን ሳስብ ዛሬም ፊቴ ይሞቃል።

በአራተኛው ክረምት ማብቂያ አቶ ሽፈራው መርካቶ ካለው ሱቁ መጣ። አጥሩን ዞሮ ከጓሮ በኩል ተመለከተ። የክዳኑ አንድ ቆርቆሮ በነፋስ ተነሥቷል፤ ውሃው በግድግዳው ወርዶ ጭቃውን አሳብጦ አፍርሶታል፤ ከታች ምስጥ ገብቷል። «ክፈቺው» አለኝ። አልከፍትም አልኩት። «ሴትዮ፣ ክፈቺው!» መምሬ ተጠሩ፣ እሳቸው ባሉበት ከፈትኩት። ብርድ ልብሱን ሳነሣ መኪናዋ በዝገት ቀይ ሆናለች። አቶ ሽፈራው መዘውሯን ለማዞር ሞከረ፣ አልንቀሳቀስ አለች። ደጋግሞ ሞከረ። ከዚያ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና «እኔ ትበላዋለች ብዬ ነበር የፈራሁት። ብትበዪው ይሻል ነበር» ብሎኝ ወጣ። በሳምንቱ አጥቢያ ዳኛው ፊት ከሰሰኝ።

ቀኑን በደንብ አስታውሳለሁ። የነጠላዬን ጥለት ሦስት ጊዜ አስተካክያለሁ። መማል ቢያስፈልግ ብዬ ከሌሊቱ ጀምሬ እህል አልቀመስኩም። አንዲት ነገር እንዳልወሰድኩ ለማስረዳት የዕቃውን ዝርዝር በቃሌ አጥንቻለሁ። ዳኛው ሽማግሌ ናቸው፣ ካፖርታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው።

«ወይዘሮ ዘነበች፣ ከዚህ ቤት ምን ወሰድሽ?»

«ምንም ጌታዬ። እዚያው በቆመበት…»

«ቆይ። ለቤቱ ምን አደረግሽለት?»

ጥያቄው አልገባኝም። «ምንም አላደረግኩም፣ ጌታዬ። አልነካሁትም» አልኩ፣ በኩራት።

«ልጅቷ በምን ትማራለች?»

«በዶሮ።»

ቤቱ ሙሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «የገዛ ቤቷ ባዶውን ይፈርሳል፣ እሷ በዶሮ ትማራለች። የራስሽ ቤት ክዳን ቢነሣ ዝም ትያለሽ?»

«አልልም ጌታዬ።»

«የራስሽ መኪና ቢሆን ዘይት ሳትቀቢ አራት ዓመት ታስቀምጪያለሽ?»

የነጠላዬን ጥለት አራተኛ ጊዜ አስተካከልኩ። አቶ ደምሴ ወረቀቱን ከመምሬ ተቀብሎ ተነሣና ያችን ቃል አነበበ፤ ከቤቱ የሚገኘው ለልጄ ልብስና ትምህርት ይሁን። እንደ አዲስ ነው የሰማኋት። ዳኛው «ሟቿ ቤት ጠብቂ ብላ ልጅ ትታ አልሄደችም። ለልጅቷ ነው ቤቱን የሰጠችሽ» አሉኝ። ከዚያ ወደ አቶ ሽፈራው ዞሩ። «አንተስ ብትይዘው ምን ታደርጋለህ?»

«ቤቱን ሸጬ፣ ልጅቷን ወስጄ…»

«አይሸጥ ይላል። አልሰማህም?»

ያን ጊዜ ነው አንደበቴ ያመለጠኝ። ተሸንፌ ነበር፣ እንደ ተሸነፈ ሰው ተናገርኩ። «እሱ ሊይዘው? የሟቿን ሜትር ከለቅሶ ቤት የወሰደ ሰው?»

አቶ ሽፈራው አየኝ። «እኔ?» አለ። «ሜትር የሚሰርቅ ልብስ ሰፊ አይተሽ ታውቂያለሽ? ሱቄ ውስጥ አሥራ ሁለት አለኝ።» ሰው ሳቀ። እሱ ግን ባርኔጣውን ከጉልበቱ ላይ አንሥቶ እንደገና አስቀመጠው። እኔ ያን የጥፋተኛ ምልክት አድርጌ ወሰድኩት።

ዳኛው ጽጌን ወደ ፊት ጠሯት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። «አንቺስ ልጄ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«መኪናዋን መንካት» አለች።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። ቁልፉ ከእኔ ጋር ይቆይ፤ አንድ ነገር አልወሰድኩምና። ግን ክዳኑ ይጠገን፣ አንዱ ክፍል ይከራይ፣ የኪራዩ ገንዘብ ለልጅቷ ይሁን፤ መኪናዋ ትታደስ፣ ልጅቷም ትማርባት። በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ መምሬ ባሉበት፣ ለጽጌ ለራሷ፣ ምን እንደሠራሁ ልንገራት። ለልጅቷ። ይህ በጣም ገረመኝ። ለመምሬ፣ ለዳኛው እናገራለሁ ብዬ ነበር፤ አፍንጫዋ ለሚፈስ ልጅ ቁጭ ብዬ እንደማስረዳ አላሰብኩም።

ከዚያ በሦስተኛው ቀን ጠዋት አቶ ሽፈራው በሩ ላይ ቆሟል። በአንድ እጁ የላምባ ጠርሙስ፣ በሌላው የዘይት ጣሳና አሮጌ ጨርቅ። «ክፈቺ፣ እሜቴ ባለአደራ» አለኝ። መኪናዋን ደጅ አውጥቶ ብሎን በብሎን ፈታታት፣ እያንዳንዱን ላምባ ውስጥ ነከረ፣ ፋቀ፣ ቀባ። ሱቁን ዘግቶ ሦስት ቀን እንደዚያ ዋለ። ጽጌን አጠገቡ አስቀምጦ «ይቺ ምንድን ናት? ከየት ወጣች? መልሺያት» ይላታል። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መዘውሯ ዞረች። ያ ሽታና ያ ድምፅ ሰፈሩን ሞላው፤ ገብሬ ከሱቁ ወጥቶ «ብዙነሽ ተነሣች!» ብሎ ጮኸ፣ ወዲያው ደግሞ አፉን በእጁ ያዘ። አቶ ሽፈራው ሊሄድ ሲል ከኪሱ አዲስ ሜትር አወጣና ጽጌ አንገት ላይ አደረገላት። ከዚያ እኔን እያየ «ይኸው፣ የሰረቅኩት» አለ።

ቀልዱ መራራ ነበር። እኔ ግን ምን ብዬ ተረጎምኩት መሰላችሁ? አመነ ብዬ። ዋናውን ማምጣት አፍሮ በሌላ ተካው ብዬ። ይቅር አልኩት እንኳ፣ በልቤ፣ እንደ ትልቅ ሰው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የሚያምሩ ነበሩ። አንዱን ክፍል አንድ አስተማሪ ከነሚስቱ ተከራየ፤ ሚስቲቱ ምስማር መታች፣ ግድግዳውን አጠቆረች፣ ቤቱ ግን ሞቀ፣ ምስጡም ጠፋ። ቅዳሜዋ ስትደርስ ጽጌ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፣ መምሬ ወረቀቱን ይይዛሉ፣ እኔ እቆማለሁ። «ዘንድሮ ሁለት ቆርቆሮ አስለወጥኩ፤ ለጫማሽ ይህን አወጣሁ፤ አጥሩ ቀርቷል» እላለሁ። አንድ ዓመት ላይ «ለምን የሻገተውን በር አላስቀባሽውም?» ብላ ጠየቀችኝ። ተቆጣሁ። መምሬ «ዘነበች፣ መልሺላት፣ የእሷ ነው» አሉኝ። መለስኩላት። አስቀባሁትም፣ ሰማያዊ። ቅዳሜ ቅዳሜ አጎቷ እየመጣ መስፋት አስተማራት፤ በአሥራ አምስት ዓመቷ የእኔን ልጆች ዩኒፎርም የሰፋችው እሷ ናት። ዋጋ ልስጥሽ ብላት «የዶሮዎቹን ያህል» ብላ ሳቀችብኝ።

አሥራ ስምንት ሲሞላት አቶ ደምሴ ጃንጥላ ሥር ተሰበሰብን። እሱ ዓይኑ ደክሞ ነበር፣ ዝርዝሩን ወረቀቱን አፍንጫው ጋ አስጠግቶ አነበበ፤ ጽጌ ትመልሳለች። ቤት፣ ሁለት ክፍል። ተቀብያለሁ። የስፌት መኪና፣ አንድ። ተቀብያለሁ። አልጋ፣ ሣጥን፣ በርጩማ፣ መቀስ። «አንድ ሜትር» አለና ቀና አለ። አቶ ሽፈራው መሬት መሬት ያያል። ጽጌ አንገቷ ላይ ያለውን የአጎቷን ሜትር በሁለት ጣቷ ከፍ አደረገችና «እሱንም ተቀብያለሁ» አለች። ፈረመች። ቁልፉን ስሰጣት ጡቶቼ መካከል ያለው ቦታ ባዶ ሆኖ በረደኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ነበር።

በዚያው ዓመት አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አገባች፣ ጅማ ወሰዳት። የስፌት መኪናዋን በጭነቱ ላይ፣ በፍራሽ ጠቅልላ፣ እራሷ አጠገቧ ተቀምጣ ነው የሄደችው። ቤቱን ለአስተማሪው አከራይታው ነበር። ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ፣ ቤት የነበረው ሰው ቤቱን አጣ፣ ያም ቤት ከብዙዎቹ ጋር ተወረሰ። ሁለት ደብዳቤ ጻፈችልኝ፤ በሁለተኛው መንታ ወልጃለሁ ትላለች። ከዚያ በኋላ ዜና የለም። አቶ ሽፈራውም ሱቁን ዘግቶ ወደ አስኮ ሄደ ሲባል ሰምቼ፣ ሳልጠይቀው ቀረሁ። ለምን እጠይቀዋለሁ? ይቅር ብዬው ነበር እኮ።

አምና ከኮልፌ ወደ ልጄ ቤት ስዛወር የድሮ ሣጥኔን አራገፍኩ። ከታች፣ ከእናቴ ቀሚስ ሥር፣ አንዲት የከረሜላ ቆርቆሮ አለች፤ ክዳኗ ዝጎ በቢላ ከፈትኳት። ውስጡ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ ነገር። ቢጫ ሜትር፣ ጫፉ የተበላ። ቀያይ ስፌቶች አሉበት፤ በጣቴ ዳሰስኳቸው፣ ስድስት ናቸው። ያን ጊዜ ሁሉም መጣልኝ። የቀብሩ ዕለት ነው። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፤ አንዱ ይረግጠዋል፣ አይጥ ይበላዋል ብዬ ፈርቼ ከምስማሩ ያነሣሁት እኔ ነኝ። በነጠላዬ ሥር ይዤው ሄድኩ፣ ቤት ስገባ ልጄ በትኩሳት ይንቀጠቀጣል፣ ሣጥኑ ውስጥ ከትቼ ወደ ልጄ ሮጥኩ። ደህና አድርጌ ነው ያስቀመጥኩት። ከሁሉም ሰው፣ ከራሴም ጭምር።

ጽጌ ፈርማልኛለች። ወረቀቱ ዛሬም አለኝ፤ ዘነበች የያዘችውን ሁሉ አስረክባለች ይላል። ልጅቷ ግን ያልተቀበለችውን ነው የፈረመችልኝ፣ አጎቷን ከእፍረት ልታድን። እሱም ያልወሰደውን ተካ። በመካከላቸው የቆምኩት እኔ፣ የሰው እጅ እንዳይነካው ስል የሰው ስም ያቆሸሽኩት።

ዛሬ ሜትሩ ያለው ቤቴል፣ እኔ ጋ ነው። ዘይት አያስፈልገውም፣ ግን በየወሩ አውጥቼ አየር አስነካዋለሁ፤ ያን ያህል ተምሬአለሁ። ጽጌ ብዙነሽ ትባላለች፣ ሰው በእናቷ ስም ነበር የሚጠራት። ኮልፌ ያደገች፣ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ግድም ሾፌር አግብታ ጅማ የገባች፣ ልብስ ሰፊ፣ መንታ የወለደች። ግራ ቅንድቧ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ። ያለችበትን የሚያውቅ ሰው፣ ወይም መንታ ልጆቿን የሚያውቅ፣ አጎትሽ ሜትሩን አልወሰደውም፣ እትዬ ዘነበች ጋ ነው ብሎ ይንገራት። ለእኔም ደህና መሆኗን ይንገረኝ።